ቤት የሌለው ማኅበር

ባሕር ዳር፣ ነሐሴ 14 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለእምዬ ይመኙሻል፣ ሰቆጣ

እምዬ፣ ጉልበትሽ እንዴት ከረመ? ብርዱ አልጠናብሽም? እኔ ደህና ነኝ። ደህና መሆኔን አስቀድሜ የምነግርሽ ከዚህ በታች የሚመጣው ነገር የጤና ስለማይመስል ነው። እትዬ ጥሩሐረግ፣ የሚያነቡላት እርስዎ እንደሆኑ አውቃለሁና እባክዎን መጀመሪያ በሩን ይዝጉልኝ።

እምዬ፣ የእህቴን የመስከረምን ተዝካር አታውጪ።

ለጥቅምት ሚካኤል መቁረጥሽን የጻፍሽልኝ ሐሙስ ደረሰኝ። «ሃያ ሦስት ዓመት ጠበቅኋት፤ ከእንግዲህ ነፍሷን ማንከራተት ኃጢአት ነው» ብለሻል። እውነት ነው ብዬ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ቅዳሜ ያየሁትን ካየሁ ወዲህ ግን እውነቱ የት እንዳለ ጠፍቶኛል፤ ሒሳብ ስመልስ እንኳ እየተሳሳትኩ ነው።

ሥራሽ ምንድን ነው እያልሽ ስትጠይቂኝ «ቢሮ ነው» እያልኩ አልፌሻለሁ። ይቅር በይኝ። የምሠራው ኢንተርኔት ቤት ነው፤ ኮምፒውተር በደቂቃ እናከራያለን። ሰው ሲጠፋ እኔም ቁጭ ብዬ አያለሁ። እዚያ ውስጥ የንቅሳት ወዳጆች ማኅበር አለ፣ ሁለት ዓመት ሆነኝ ከገባሁ። ቤት የለውም። አባሎቹ ከየአገሩ ናቸው፤ አንዳችን ሌላችንን በአካል አይተን አናውቅም። መግቢያው የራስን ንቅሳት ፎቶ አንስቶ ታሪኩን መጻፍ ነው። እዚህ ከተማ ስመጣ «ባላገር» ብለው የሳቁብኝን፣ በረጅም እጅጌ የደበቅሁትን የእጄን መስቀል እነዚያ ሰዎች «ማን ሠራልሽ? ምን ማለት ነው?» እያሉ ሲጠይቁኝ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን ወደድኩት። ማኅበሩን ካንቺ ለምን እንደደበቅሁት አላውቅም።

ቅዳሜ አንዲት አባል ፎቶ አወጣች። መስመሩ ቀርፋፋ ስለሆነ ፎቶ የሚመጣው ከላይ ወደ ታች ቁራጭ በቁራጭ ነው። መጀመሪያ ጠይም ክንድ መጣ። ቀጥሎ መስቀሉ መጣ። እሱ እንኳ ብዙ ሰው ላይ አለ ብዬ አለፍኩት። ከዚያ ከመስቀሉ ሥር ያሉት ነጥቦች መጡ። እምዬ፣ የእኛ ናቸው! በሰባ ሰባቱ ረሃብ ወደ ቆረም ስንወርድ እትዬ እታገኝ ለእኔና ለመስከረም የነቀሱን ምልክት ነው። በግራ እጅ፣ አንጓው ላይ። ሴትዮዋ የምትኖረው ሆላንድ የሚባል የፈረንጅ አገር ነው። ዕድሜዋ ሠላሳ ነው ይላል። መስከረም ብትኖር ሠላሳ አይሆናትም?

እትዬ እታገኝ ይህን ምልክት ለሌላ ልጅ አድርገው ያውቃሉ? ይህን አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። እስክትመልሺልኝ ጌሾ አትውቀጪ።

ልጅሽ ሰላማዊት

*

ሰቆጣ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰላማዊት

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ዘንድሮ የእኔን ጉድ አንቺ ላክሽው። ጉልበቴ እንዳለ አለ። እኔ በአገውኛ እነግራታለሁ፣ ጥሩሐረግ በአማርኛ ትጽፋለች። የተጣመመ ነገር ካገኘሽ የእሷ ነው። (የእኔ አይደለም። ጥሩሐረግ።)

ጌሾው ተወቅጧል። ብቅሉም ደርሷል። ደብዳቤሽ በመንገድ ሁለት ሳምንት ሲንፏቀቅ እኔ እጄን አጣጥፌ የምቀመጥ መሰለሽ?

ማኅበር አልሽ። የማን ማኅበር ነው፣ የሚካኤል ነው የጊዮርጊስ? ሙሴው፣ መሪያችሁ ማነው? ተራው የደረሰበት ሰው የሚደግሰው የት ነው? ቤት የለውም፣ ማኅበርተኛው ተያይቶ አያውቅም የሚለውን ጥሩሐረግ ሦስት ጊዜ አነበበችልኝ፤ ሦስቴም አልገባኝም። አንዳችሁ ብትታመሙ ማን ይጠይቃችኋል? ብትሞቱስ ማን ይቀብራችኋል? እጅሽን በእጅጌ መደበቅሽን ደግሞ ገና አሁን ሰማሁ። እሱን ለብቻው እንነጋገርበታለን።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። እታገኝ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ያን ምልክት ለሌላ ልጅ አላደረገችም። ልታደርግም አትችልም። ያን ዓመት እናት ሁሉ ልጇን እያስነቀሰች ነው የወረደችው። እታገኝ ከመንገዱ ዳር ተቀምጣ በመርፌና በድስት ጥላሸት ከማለዳ እስከ ማታ ስትነቅስ ዋለች። መስቀሉ የሁሉም ነው። ከሥሩ የሚገቡት ነጥቦች ግን የእናትየዋ ናቸው፤ ስንት እንደሆኑ፣ እንዴት እንደሚቀመጡ እያንዳንዷ ለራሷ መርጣ ትነግራታለች። የሌላዋን የደገመች አንዲት ሴት አልነበረችም። ነጥብሽን ሌላ ሴት ከያዘችብሽማ የጠፋችው ልጅሽ በሰው ደጅ ትገኝብሻለች።

ከዚያ የሆነውን ታውቂዋለሽ። ቆረም ስንደርስ መስከረምን ትኩሳት ያዛት። አንቺን ደግሞ ኩፍኝ ይዞሽ ጀርባዬ ላይ ነበርሽ። የታመሙ ልጆች የሚጭን መኪና መጣና አብሬ ልሳፈር ብል ቦታ የለም አሉኝ፤ ነገ ትመለሳለች አሉኝ። እኔም ሰጠኋቸው። ሰባት ዓመቷ ነበር። ይኸው ነው፣ ከዚህ በላይ አታናግሪኝ።

አሁን አንቺ ጠይቂልኝ። በቀኝ ጉልበቷ ላይ የእሳት ጠባሳ አለ ወይ? ግራኝ ናት ወይ? ፎቶውንም በወረቀት አድርገሽ ላኪልኝ።

ቄስ ገብረ ሊባኖስን አማከርኳቸው። «በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት አይደረግም» አሉኝ። እኔም አለች አላልኩዎትም፣ የለችም አላልኩዎትም አልኳቸው። «እና እኔ ምን ላድርግ?» ብለው ተቆጡ። ያን ባውቅ እሳቸው ዘንድ እሄድ ነበር?

እናትሽ ይመኙሻል

*

ባሕር ዳር፣ መስከረም 13 ቀን 2000 ዓ.ም.

እምዬ፣ እንኳን ለሁለት ሺህ ዓመት አደረሰሽ። እዚህ ርችቱና ዘፈኑ እስካሁን አልበረደም፤ እኔ ግን የት እንደዋልኩ አላውቅም። ወደ ስልክ ቤት ሦስት ቀን ተመላለስኩ፤ የሰቆጣ መስመር የለም እያሉ መለሱኝ። ይህ ደብዳቤ እንደ ምንም ብሎ ይድረስ።

መጀመሪያ ለቀላሉ ልመልስ። አዎ፣ ሙሴ አለው። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው፤ ፊቱን አላየሁትም፣ ደረቱ ላይ ግን መርከብ አለ። እዚያ ሰው የሚያሳየው ቆዳውን እንጂ ፊቱን አይደለም። ስንታመም እንጻጻፋለን። ስንሞት ማን እንደሚቀብረን አላውቅም፤ እስካሁን የሞተ የለም።

አሁን ወደ ከባዱ። ለሴትዮዋ ጻፍኩላት። ስሟ ኢነከ ይባላል። እንግሊዝኛዬ የሚበቃኝ ስላልሆነ አንዲት መስመር ስጽፍ መዝገበ ቃላቱን አሥር ጊዜ እገልጣለሁ። መለሰችልኝ እምዬ! የወለደቻትን አታውቅም። ልጅ ሆና ፈረንጆች በአውሮፕላን ወስደው ነው ያሳደጓት። ምልክቱን ከየት አገኘሽው ብዬ ብጠይቃት «የእናት ምልክት ነው» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም። ይህን ያነበብኩት ደንበኛ ፊቴ ቆሞ ሒሳብ እየጠየቀኝ ነው፤ ዝም ብዬ አለቀስኩበት። ሰውየው ደንግጦ ሳይከፍል ወጣ።

ጠባሳው አለ። ግን በግራ ጉልበቷ ነው፤ ደግሞም ከብስክሌት ወድቄ ይመስለኛል ትላለች። እምዬ፣ በቀኝ መሆኑን እርግጠኛ ነሽ? ልጅ ፊት ለፊትሽ ስትቆም እኮ ቀኟ በግራሽ በኩል ነው። ግራኝ ግን አይደለችም። እዚያ አገር ግራኝ ልጅ ሲያዩ ያርሙ ይሆን?

ከየት አገር እንደወሰዷት አልጠየቅኋትም። ለምን እንዳልጠየቅኋት አንቺም አትጠይቂኝ።

ፎቶውን በጥቁርና ነጭ አትሜ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። አይተሽ ቁርጡን ንገሪኝ። የወለድሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺ ካላወቅሻት ማን ያውቃታል?

ሰላማዊት

*

ሰቆጣ፣ መስከረም 27 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለሰላማዊት

በሩን ዝጊ ብለሻት ጥሩሐረግ በሩን ዘግታልሻለች፤ አፍሽን ዝጊ አላልሻትም እንጂ። (ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገርኩት። ጥሩሐረግ።) ያ አንድ ሰው ገበያ ውሎ ይመለሳል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አሁን ወሬው አምደወርቅ ደርሷል።

ልጄ፣ ቤቴ ምን እንደሚመስል ብታዪ። ማክሰኞ ጠዋት አንዷ ለተዝካሩ እህል ተሸክማ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እያለቀሰች መጣች። ሌላዋ በታች በኩል «እንኳን ከልጅሽ ጋር ለዓይነ ሥጋ አበቃሽ!» ብላ እልል እያለች መጣች። ደጄ ላይ ተገናኝተው አንዷ ሌላዋን ስታይ፣ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔስ ወደ ማን ልዙር? ግቡ፣ ቆሎ ቅመሱ አልኳቸው።

ጠላው ለሙት የተጠነሰሰ ነው፣ ሰው ለምሥራች ይጠይቀኛል። ዳሱን እንትከል አንትከል እያሉ ጎረምሶቹ እንጨቱን ተሸክመው በር ላይ ቆመዋል። ቄስ ገብረ ሊባኖስ ሲያዩኝ መንገድ መቀየር ጀምረዋል።

ፎቶውን አየሁት። ወደ ፀሐይ አውጥቼ አየሁት፣ ቤት አግብቼ አየሁት። ቁርጡን ንገሪኝ ትያለሽ። ቁርጡ ይኸውልሽ፤ እኔ ያስደረግሁት ሰባት ነጥብ ነው። ሦስት ከላይ፣ አራት ከታች። ፎቶው ላይ ስምንት ነው ያለው። አንዷ ነጥብ ከመስመር ወጥታ ወደ አውራ ጣቱ ሸሽታለች።

ያቺን ነጥብ አውቃታለሁ። አንዳችሁ መርፌው ሲነካት እጇን ነጠቀች። እታገኝ «እናትሽን ደንቆሮ ያርግልኝ!» ብላ ተሳደበች፤ ስድቡ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። የማን እጅ እንደነበር ግን ጠፋብኝ። አንዳንዴ መስከረም ነበረች እላለሁ፣ ትልቅ ስለነበረች ሕመሙን ቀድማ ፈርታለች። አንዳንዴ ደግሞ አንቺ ነበርሽ እላለሁ፣ የሦስት ዓመት ልጅ መርፌ አይችልምና። እንቅልፍ አጣሁ። ስድቡን አስታውሼ ልጄን እረሳለሁ?

እጅሽን ቁጠሪልኝ። ሰባት ከሆነ፣ የነጠቀችው መስከረም ናትና ልጄ ተገኘች። ስምንት ከሆነ ግን ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ ያችኛዋ ሰባት መሆን ነበረባት። ለጥቅምት ሚካኤል ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። ቶሎ በይ።

እናትሽ

*

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 5 ቀን 2000 ዓ.ም.

እምዬ፣

ስምንት ነው።

ሁልጊዜም ስምንት ነበር። እኔ ምልክታችን ራሱ ስምንት መስሎኝ ነው የኖርኩት። ፎቶው ላይ ስምንት ሳይ «ልክ እንደኔ!» ብዬ የዘለልኩት ለዚያ ነው። እጄን የነጠቅሁት እኔ ነኝ።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ያን ሁሉ ጊዜ የሸሸሁትን ጥያቄ ጠየቅኋት። ከየት ወሰዱሽ? ኮሎምቢያ ከሚባል አገር ነው አለች። እኔ የማላውቀው፣ ከባሕር ማዶ የሚገኝ አገር ነው። ምልክቱንስ መቼ ተነቀስሽው? አምና። በምትኖርበት ከተማ ሱቅ ገብታ፣ የእኔን እጅ ፎቶ አሳይታ፣ ያቺን የሸሸች ነጥብ ሳይቀር አስቀድታው ነው። እኔ ስገባ የጻፍኩትን ታሪክ አንብባ ነበር። ይህን ነው የጻፈችልኝ፤ «እናትሽ ብትጠፊ እንድትፈልግሽ ምልክት አደረገችልሽ። እኔን ፈልጎኝ የሚያውቅ ሰው የለም። የሚፈለግ ሰው ምልክት እንዲኖረኝ አማረኝ።»

እምዬ፣ ሰው የሌላ ሰው ምልክት ይነቀሳል ብዬ እንዴት ላስብ? እኛ አገር ማን ያደርገዋል? ቢያንስ ላንቺ ከመጻፌ በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቃት እችል ነበር። አልጠየቅሁም፤ እንዲሆን ስለፈለግሁ ነው። ልጅሽን ሁለተኛ ጊዜ የወሰድኩብሽ እኔ ነኝ። ልመጣ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄጄ ነበር፤ ፊትሽን ማየት ፈርቼ ተመለስኩ።

በማኅበሩ ውስጥ ደግሞ እሳት ተነስቷል። የሰው ቤተሰብ ምልክት ሳይጠይቁ መቅዳት እነሱም ዘንድ ትልቅ ነውር ነው። ሁሉም እየሰደቧት ነው። ትባረር የሚሉ አሉ፤ ታስጠፋው የሚሉም አሉ፣ በመብራት የሚያጠፋ መሣሪያ አለ ይላሉ። ሙሴው «ምልክቱ ያንቺ ነው፣ አንቺ ያልሽው ይሆናል» ብሎኝ ቃሌን እየጠበቀ ነው። ስናደድ ቆዳዋን ላስገፍፋት ያምረኛል። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ የጻፈችልኝን መልሼ አነበዋለሁ። ምን ልበላቸው? ነጥቦቹ ያንቺ ናቸው፣ ፍረጂ።

ስለ ተዝካሩ ከእንግዲህ አፌ ተይዟል። አንቺ እንዳልሽ። ይህን ፖስታ ሰቆጣ ለሚሄድ ሹፌር በእጁ ሰጥቼዋለሁ፤ እንዲደርስልሽ ለምኜዋለሁ።

ይቅር በይኝ።

ሰላማዊት

*

ሰቆጣ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰላማዊት

ሹፌሩ ታማኝ ነው፤ በዋዜማው አምጥቶ በእጄ ሰጠኝ። ጥሩሐረግ እንደ ልማዷ መጀመሪያ ለራሷ አነበበችው። ከዚያ አጠፈችውና «ሰላም ናት፣ ሰላም ብላሻለች» አለችኝ። አንቺ ሴት፣ አራት ገጽ ሙሉ ሰላምታ ነው? አልኳት። አነበበችልኝ። (እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት። ጥሩሐረግ።)

እኔ ያን ጊዜ አላለቀስኩም። የምነግርሽ ነገር አለና አድምጪኝ። አንቺ ልጅሽን ወሰድኩብሽ ትያለሽ። አይደለም። ያ ፎቶ የመጣ ቀን፣ ወደ ፀሐይ አውጥቼ ሳገላብጠው፣ ይህ የማን እጅ ነው ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ያንቺ እጅ ተቀድቶ መጥቶ ሳለ፣ የመስከረም ነው ስል ሰነበትኩ። እናት የልጇን እጅ ከልጇ እጅ መለየት ካቃታት በቃ፣ ያቺ ልጅ ከሄደች ቆይታለች። እኔ ነኝ በሩን ይዤ የቆየሁት። የወሰዷት ቀን ከመኪናው ላይ እጇን አውጥታ ነበር። ያን እጅ አላስታውሰውም፣ ሰላም። ፊቷን እንኳ ካንቺ ፊት ነው የምሠራው።

ለቄስ ገብረ ሊባኖስ በማለዳ ሄጄ ነገርኳቸው። «ሞታለች ትያለሽ?» አሉኝ። አላውቅም፣ ግን ልሸኛት አልኳቸው። ከዚያ «እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ እኛ የክርስትና ስሟን እንጥራ፣ ጸሎቱ ወደሚገባበት እሱ ይምራው» አሉኝ። እኚህ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይወጣቸዋል ብዬ አላስብም ነበር።

ሰው ሲመጣ ግማሹ በእልልታ ነው። ከፃግብጂ ድረስ «የተገኘችውን ልጅ እንይ» ብለው የመጡ ነበሩ። ዳሱ በር ላይ ቆሜ «የተገኘች የለችም። ግን ግቡ፣ የመጣችሁት ለመስከረም ነው» አልኳቸው። አንዲት ባልቴት የጀመረችውን እልልታ ወደ ልቅሶ አዞረችው፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ካህናቱ «ወለተ ጊዮርጊስ» ብለው ስሟን ሲጠሩ፣ ያን ስም ከክርስትናዋ ቀን ወዲህ በሰው አፍ አልሰማሁትም ነበርና፣ ጮኼ አለቀስኩ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ካለቀስኩላት ትሞታለች እያልኩ የያዝኩትን ነው ያለቀስኩት። አሁን ቀሎኛል። ደክሞኛልም። ጠላው ጥሩ ወጥቶ ነበር።

አንቺ አውቶቡስ ተራ ደርሰሽ መመለስሽ ግን ያናደደኝ ነገር ነው። ፊቴን ምን ብለሽ ነው የምትፈሪው? ለገና ትመጫለሽ። እጅጌሽን ሰብስበሽ ትመጫለሽ።

አሁን ወደ ኢነከ። ፍረጂ ብለሽኛልና ፈርጃለሁ።

ከማኅበር አትባረር። ቤት እንኳ ከሌለው ማኅበር ተባርራ ወዴት ትገባለች? ምልክቱንም አታስጠፋው። የሰደቧት ሁሉ ይቅርታ ይጠይቋት፣ ሙሴያችሁም ቀድሞ ይጠይቃት።

እኔ ግን ተቆጥቻለሁ፤ እንደተቆጣሁ ሳትቀንሺ ንገሪያት። ምልክቴን እጇ ላይ ካደረገች ዓመት ሆኗታል። ዓመት ሙሉ ደህና ነሽ ወይ ሳትለኝ፣ በላሽ ጠጣሽ ሳትለኝ፣ አንዲት መስመር ሳትጽፍልኝ እንዴት ተቀመጠች? ምን ዓይነት ልጅ ናት? ትጻፍልኝ። አድራሻዬን ስጫት። በምን ቋንቋ እንደምትጽፍ አንቺና ጥሩሐረግ ተማከሩበት፤ እሱ የእኔ ጭንቀት አይደለም።

እናታችሁ ይመኙሻል